ዓይን ሲደክም ጠመንጃ መነጽር ያደርጋል?

«ቁም! ማነህ? እንዳትንቀሳቀስ!»

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እኔ የማውቀው በፊልም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እዚሁ ሳንሱሲ፣ ከተከራየኋት ክፍል በር ሰማንያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የክላሽ አፈሙዝ ደረቴ ላይ ተደገነ። የደገነብኝ ማጅራት መቺ እንዳይመስላችሁ። የሰፈራችን የመጋዘን ጥበቃ ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ስገባም ስወጣም «እንዴት አመሹ?» ብዬ የማልፋቸው፣ እሳቸውም «ግባ ልጄ፣ መሽቷል» እያሉ የሚሸኙኝ ሰው!

ዝናብ ነበር። አስኮ ከታክሲ ወርጄ ጃኬቴን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። ከኋላዬ የመንገድ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል።

«አስር አለቃ፣ እኔ ነኝ!»

«እኔ ማን?»

«እኔ ነኛ! ጋዜጠኛው!»

(ጋዜጠኛ የሚለኝ ሰፈሩ ነው። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለኝ ልጅ ነኝ። ግን የክላሽ አፈሙዝ ፊት ቆሞ ስለ ሥራ መደብ የሚያብራራ ሰው አይታችኋል?)

አፈሙዙ ወዲያው አልወረደም። እስካሁን ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ይኼ ነው። ድምፄን ሰምተው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረጉ ሲፈልጉኝ አየኋቸው። ፊት ለፊታቸው ቆሜ እኮ ነው! በመጨረሻ «ውይ ልጄ» ብለው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የእኔ ጉልበት ደግሞ አልንቀሳቀስ አለኝ።

«አስር አለቃ፣ መብራቱ በርቶ እንዴት አላዩኝም?»

«እሱ መብራት ነው እኮ ያላሳየኝ» አሉ።

ያን ለሊት አባባላቸው አልገባኝም። የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከሐኪም አፍ ነው። እደርስበታለሁ።

የጥፍር ቀለሙ ነገር

በማግስቱ ጠዋት ተረካቢያቸው ሳይመጣ ወደ ጥበቃ ቤቷ ሄድኩ። ለመናደድ ነበር የሄድኩት፣ አልዋሻችሁም። ለሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርኩት። እሳቸው ግን ከእኔ ብሰው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። «ያንተ እናት ትታየኝ ነበር ሌሊቱን ሁሉ» አሉኝ። እናቴን አንድ ቀን ለፋሲካ መጥታ አይተዋታል። ቁጣዬ እዚያው ላይ ውኃ ሆነ።

ከዚያ ክላሹን አነሱ። ካርታውን ነቀሉ፣ በርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጡና ወደ እኔ አዞሩት። ከአፈሙዙ በላይ ያለችውን የፊት ማነጣጠሪያ በጣታቸው አሳዩኝ። ጫፏ ቀይ ነው። ቀይ! የሴት ልጃቸው የጥፍር ቀለም!

«ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባኋት። ጠቁራ ጠፋችብኝ፤ እንዲያው ብትታየኝ ብዬ።»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከካፖርታቸው ኪስ መንገድ ላይ የተገዛ መነጽር አወጡ፤ +3 ይላል። በቀኙ መስታወት ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፈው መሐሉን በመርፌ በስተውታል። አንድ አብሯቸው የነበረ ወታደር ነው አሉ ያስተማራቸው። ሦስተኛው ደግሞ ገና በሐሳብ ያለ ነበር፤ ብየዳ ቤት የሚሠራ የሰፈር ልጅ የኋላውን ማነጣጠሪያ ስንጥቅ በሞረድ እንዲያሰፋላቸው ሊለምኑት አስበዋል።

አስር አለቃ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። በብሔራዊ ውትድርና ነው የተወሰዱት። የሠለጠኑትም ሩቅ አይደለም፤ ከእኛ ሰፈር በቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ ላይ ባለው ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው። በ1983 ዓ.ም ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸውም በመኪናም አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያውቁት ሥራ ጥበቃ ብቻ ነው። በጥበቃ ደሞዝ ሦስት ልጅ አሳድገዋል። አንዷ ኮሌጅ ናት። የጥፍር ቀለሙ ባለቤት እሷ ናት።

«ለአለቆቼ እንዳትነግር» አሉኝ። «ዓይኑ ደከመ ከተባልኩ በነጋታው ነው ‹ጡረታ ውጣ› የሚሉኝ። ጡረታ ግን የለኝም።»

እንግዲህ ፍረዱ። ብናገር የሰው እንጀራ ላይ መቆሜ ነው። ዝም ብል ደግሞ በሚቀጥለው ዝናብ እንደ እኔ ጃኬት ተከናንቦ የሚመጣው ማን ይሆን? (ሰፈራችን ሳንሱሲ መባሏን አስቡት። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ያለ ሐሳብ» እንደ ማለት። ጀርመን አገር ፖትስዳም ውስጥም በዚህ ስም የሚጠራ የንጉሥ ቤተ መንግሥት አለ። እኛ ግን በሐሳብ ሳንተኛ አደርን።)

አንድ ነገር ቃል ገባሁላቸው። ለማንም ከመናገሬ በፊት ነገሩን አጣርቼ እመጣለሁ አልኳቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ቃል ገቡልኝ፤ እስከዚያ ድረስ ጥይት በርሜል ውስጥ አያስገቡም።

ሦስት ነገር በአንድ ዓይን

እስቲ አሁኑኑ ይችን ሞክሩ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ክንዳችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁሙ። ከጣታችሁ ባሻገር ራቅ ያለ የሱቅ ጽሑፍ ምረጡ። ጣታችሁን ትኩር ብላችሁ ስታዩ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ጽሑፉን ስታዩ ደግሞ ጣታችሁ ይደበዝዛል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጥርት አይሉም። ዓይን እንዲህ ነው የተሠራው።

ክላሽ የያዘ ሰው ደግሞ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነገር ነው የሚያየው፤ የኋላውን ማነጣጠሪያ ስንጥቅ፣ የፊተኛዋን ቀጭን ብረት፣ ከዚያ ዒላማውን። ሦስቱም የተለያየ ርቀት ላይ ናቸው። ከልብስ ሰፊ በተዋስኩት ሜትር የአስር አለቃን ክላሽ ለካሁት። ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲያነጣጥሩ ከዓይናቸው እስከ ኋላው ማነጣጠሪያ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ፊተኛው 75 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የሃያ ዓመት ዓይን በእነዚህ መካከል በቅጽበት ስለሚመላለስ ሦስቱንም ያየ ይመስለዋል። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ለስላሳ ስለሆነ እንደ ጎማ እየተለጠጠና እየተሰበሰበ ይታዘዛል።

ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ሌንሱ እየደረቀ ይመጣል። አባቶቻችን ጋዜጣ ክንዳቸውን ዘርግተው ሲያነቡ የምንስቅባቸው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ቅርቡ ነው። ጠመንጃ ላይ ሲሆን የኋላው ስንጥቅ እንደ ጭስ ይሆናል፤ ቀጥሎ የፊተኛዋ ብረት ሁለት ሦስት ትሆናለች። አስር አለቃ «ጫፏ ፀጉር አበቀለች» ነው የሚሉት።

«ታዲያ ዒላማው ከታየ ምን ችግር አለው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በሳቅ ገደሉኝ። የታጠቅ አሠልጣኛቸው ቀን ከሌት «ዒላማው ይደብዝዝ፣ የፊተኛዋ ግን ጥርት ትበል!» ይላቸው ነበር። ሒሳቡን ስሠራው እውነት ነው። በክላሽ ሁለት ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊተኛዋ በስንጥቁ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ብትስት፣ 100 ሜትር ላይ ጥይቱ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። አንድ ሚሊ ሜትር! የደበዘዘ ዓይን ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትርን ከየት አምጥቶ ይለያል?

አሁን ወደ እሳቸው ብልሃቶች እንሂድ። ዘመድ ወዳጅ ስጠይቅ፣ ሳነብ፣ መነጽር ቤት ስመላለስ የሰነበትኩትን ነው የምነግራችሁ።

የጥፍር ቀለሙ ሞኝነት አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ አዳኝና ኢላማ ተኳሽ የፊት ማነጣጠሪያውን ነጭ ወይም ደማቅ ቀለም ይቀባል። አያቴ ራሳቸው ጎጃም ውስጥ ምንሽራቸው ጫፍ ላይ ለማታ ነጭ ነገር ያደርጉ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ደማቅ ቀለም ከጥቁር ዳራ ላይ ብረቷን ለይቶ ያሳያል። የደበዘዘውን ግን አያጠራም፤ ጥቁር ብዥታ የነበረው ቀይ ብዥታ ይሆናል እንጂ። ሌላም መዘዝ አለው። ጫፏ ላይ ቀለም በተደራረበ ቁጥር ብረቷ ትረዝማለች። የፊት ማነጣጠሪያ ሲረዝም ተኳሹ ጫፏን ከስንጥቁ ጋር ለማስተካከል አፈሙዙን ዝቅ ያደርጋል፤ ጥይቱም ዝቅ ብሎ ይመታል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀለም 100 ሜትር ላይ 13 ሳንቲ ሜትር ያወርዳል። ይህን ስነግራቸው አስር አለቃ ቀለሙን በጥፍራቸው መፋቅ ጀመሩ።

የመንገድ መነጽሩ ግን ጉድ ነው። +3 የሆነ ሌንስ፣ ዓይኑ በዕድሜ ለደከመ ሰው ጥርት የሚያደርገው 33 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያለውን ነገር ነው፤ መጽሐፍ፣ ሞባይል፣ መርፌና ክር። ጠመንጃ ላይ ሲሆን ጥርት ያለው የኋላው ስንጥቅ ብቻ ነው ማለት ነው! የፊተኛዋ ትደበዝዛለች፣ ዒላማው ደግሞ ጭራሹኑ ይሟሟል። ሰውና ምሰሶ አይለይም። ለፊተኛዋ ማነጣጠሪያ የሚበቃው ወደ +1.25 ገደማ ነው። ልምድ ያላቸው ኢላማ ተኳሾች ዒላማውም ከፊቷም እንዳይጠፋ ከዚያም ዝቅ ያለ፣ በ+0.5 እና በ+0.75 መካከል ያለ ቁጥር ያስለካሉ፤ የሩቅ መነጽር ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ላይ ይደመርለታል። ይኼ በመንገድ ላይ ተሞክሮ «ይኼ ይሻለኛል» ተብሎ የሚገዛ ነገር አይደለም። ባለሙያው ጋ ስትሄዱ «ለማንበብ ነው» ብቻ አትበሉ፤ በምን ያህል ርቀት ላይ ያለ ነገር ማየት እንደምትፈልጉ በሳንቲ ሜትር ንገሩት። ለኮምፒውተርም፣ ለልብስ ስፌትም፣ ለጊታርም ይሠራል።

ከሦስቱ የወደድኩት በመርፌ የተበሳውን ፕላስተር ነው። ወረቀት ላይ በስፒል ቀዳዳ አብጁና በዚያ ተመልከቱ። ዓይናችሁ የሩቅ ጽሑፍ የሚያደበዝዝ ከሆነ ትገረማላችሁ፤ መነጽር ሳታደርጉ ጽሑፉ ጥርት ይላል። ትንሽ ቀዳዳ የተበታተነውን ብርሃን ይከለክልና ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ብቻ ያሳልፋል፤ ቅርብም ሩቅም አንድ ላይ ይጠራል። ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። በ1943 ዓ.ም ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው የአሜሪካ ኤም 1 ጋራንድ የኋላ ማነጣጠሪያው ስንጥቅ ሳይሆን ክብ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ታያለህ፣ ስለ ቀዳዳው አትጨነቅም፤ ዓይን ራሱ መሐሉን ይፈልጋል። ሦስት የነበረው ሥራ ሁለት ይሆናል። ክላሽ ግን ባለ ስንጥቅ ነው፤ ለሃያ ዓመት ዓይን የተሠራ።

ታዲያ የአስር አለቃ ፕላስተር ለምን አልሠራም? የሚሠሩት ማታ ነዋ! ቀዳዳ የሚፈልገው ብርሃን ነው። በጨለማ በመርፌ ቀዳዳ ማየት በቁልፍ ቀዳዳ ሰፈር መጠበቅ ነው። ጥበቃ ደግሞ ከማነጣጠሩ በፊት ግራ ቀኙን ማየት አለበት።

ስንጥቁን በሞረድ ማስፋት የሚባለው አዛውንት ተኳሾች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በብረቷ ግራና ቀኝ ብዙ ብርሃን ስለሚገባ ለደከመ ዓይን ይቀላል። ግን የተሞረደ ብረት አይመለስም። መሣሪያው ደግሞ የድርጅቱ እንጂ የእሳቸው አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ በፈቃድና በኃላፊነት ነው የሚያዘው። ብየዳ ቤቱ እንዲቀር ለመንኳቸው። እሺ አሉ።

ባለ ገንዘብ አገር ሌላ መፍትሔ አለው። አየርላንዳዊው ሃዋርድ ግረብ እ.ኤ.አ. በ1900 የፈጠረው ዘዴ አለ፤ በመስታወት ላይ የበራ ምልክት ይታይና ዓይን ምልክቱን ከዒላማው ጋር እኩል ሩቅ አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ስዊድኖች በባትሪ የሚሠራ ባለ ቀይ ነጥብ አድርገው ለገበያ አወጡት። የፊት የለ፣ የኋላ የለ፤ ዒላማውን ታያለህ፣ ነጥቡ እሱ ላይ ነው። የስልሳ ዓመት ሰው የሠርግ ቀን ነው በሉት። ለመጋዘን ጥበቃ ማን ይገዛለታል እንጂ!

ስዊድን ስል ትዝ ያለኝ ኦስካር ስዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክ በተኩስ የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ 72 ዓመቱ ነበር። ይህን ስነግራቸው አስር አለቃ ደረታቸውን ነፉ። «ታዲያ እኔ ገና ልጅ ነኛ!»

የተኮሰው ግን ሥዕል ላይ ነው አልኳቸው። የሚሮጥ አጋዘን ሥዕል። ከሥዕሉ ኋላ እናት የለችም።

ዝም አሉ። እኔም ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ደነገጥኩ። ግን ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ቀለሙም፣ ቀዳዳውም፣ ቀይ ነጥቡም ያነጣጠሩትን ለመምታት ይረዱ ይሆናል፤ ፊት ለፊት የቆመው ሌባ ይሁን የጎረቤት ልጅ አይነግሩም። ያን ማክሰኞ ማታ ክላሹ ላይ የዓለም ምርጥ ማነጣጠሪያ ቢኖር ኖሮ እኮ እኔን በትክክል ነበር የሚመታኝ!

«ጠመንጃውን ተዉትና ዓይኑን አምጡት»

በስንት ልመና ሐኪም ጋ ለመሄድ ተስማሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ዓይን ሲባል የምኒልክ ሆስፒታል ስም ቀድሞ ይነሳል፤ ሌሎችም አሉ። እኛ የት እንደሄድን አልናገርም፤ ሰልፉን ላማ እችላለሁና። ልጃቸውም አብራን መጣች። ለአባቷ የጥፍር ቀለሟ የት እንደገባ ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የጠመንጃውን ታሪክ በጥሞና ሰማችና «ጠመንጃውን ተዉትና ዓይኑን አምጡት» አለች። ፊደል ሰሌዳው ፊት አቆመቻቸው። ከዚያ ያ እኔ የወደድኩትን ነገር አወጣች፤ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ካርድ! በግራ ዓይናቸው በቀዳዳው ሲያዩ ሁለት መስመር ዝቅ ብለው አነበቡ። በቀኙ ሲያዩ ምንም። ያው ነው።

ቀዳዳው የሚያሻሽለው በመነጽር የሚስተካከል ችግር ሲሆን ነው አለችን። ካላሻሻለ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ሌላው ነገር ሞራ ነበር። የቀኝ ዓይናቸው ሌንስ ደፍርሷል። ያ የሚያነጣጥሩበት ዓይን!

«ማታ መብራት ከፊት ሲመጣ ምን ያዩ ነበር?» ስትላቸው «ነጭ ጉም» አሉ። የደፈረሰ ሌንስ ብርሃኑን ይበትነዋል። «እሱ መብራት ነው ያላሳየኝ» ያሉኝ ለካ ቃል በቃል ነው። እኔ ከመብራቱ ፊት ቆሜ ጥላ እንኳ አልነበርኩም።

ሞራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው በጣም የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውሮቹ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው። ትራኮማ ከ11 በመቶ በላይ ይይዛል። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነገር ነው፤ ይኼ ነው የሚያንገበግበው።

የደፈረሰው ሌንስ ይወጣና በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ይህን መጀመሪያ ያደረገው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ። ሐሳቡ ከየት መጣለት መሰላችሁ? ከጦርነት። የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ተሰባብሮ ፍንጣሪው ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ያ ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ ሳይቆጣ እንደሚቀመጥ አስተዋለ። ለአስር አለቃ ስነግራቸው «ጦርነት አንድ ጥቅም ነበረው በለኛ» አሉ። እሳቸው ያዩትን እኔ አላየሁም፤ አልተከራከርኩም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ሐኪሟን በሳቅ ያንፈራፈረ ጥያቄ። «ለክላሽ የሚሆን ሌንስ አለሽ ወይ?»

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የሚገባው ሌንስ ብዙውን ጊዜ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ጥርት የሚያደርግ ነው፤ ወይ ሩቅ ወይ ቅርብ። ሐኪሟ «ሩቁን ይምረጡ፤ መጀመሪያ ሰው ይወቁ። ለቅርቡ መነጽር እሰጥዎታለሁ» አለቻቸው። መሣሪያ መተኮስ ደግሞ ሐኪም ሳይፈቅድ የማይሞከር ነው። ለሳምንታት ጠብታ፣ ከባድ ነገር አለማንሳት፣ ዓይን አለማሸት።

እንግዲህ ሥራ ሳይገቡ ሊቀሩ ነው። ለአለቆቹ መንገር ግድ ሆነ። አስር አለቃ ራሳቸው ገብተው ተናገሩ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሲወጡ ፊታቸውን ማንበብ አቃተኝ። አላባረሯቸውም። ግን ከማታ ፈረቃ አንስተው ቀን፣ በር ላይ፣ ያለ መሣሪያ መደቧቸው። የማታ አበሉ ቀረ። የልጅቷን የኮሌጅ ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነበር። አሁን እሷ ቅዳሜና እሁድ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ይኼን ሳስበው ዝም ብል ይሻል ነበር እንዴ የምልበት ቀን አለ። ከዚያ አፈሙዙ ትዝ ይለኛል።

እናንተ ወጣት አንባብያን፣ አብዛኞቻችሁ ጠመንጃ የላችሁም፤ አይኑራችሁም። ግን አባት፣ አጎት፣ አያት አላችሁ። ገጠር ያለው ዘመዳችሁ መሣሪያ ይኖረዋል። ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ሲቸገር፣ ደረጃ ላይ እግሩን ሲፈልግ፣ የመኪና መብራት «አሳወረኝ» ሲል፣ ሰላምታችሁን በድምፅ እንጂ በመልክ ካልለየ፣ «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፉት። «አታይም እኮ» ብላችሁም አትጀምሩ፤ ሰው ይጎዳል፣ ይደብቃችኋል። እኔ «እኔም ዓይኔን ልታይ ነው፣ አብረን እንሂድ» ብዬ ነው አስር አለቃን ያወጣኋቸው። (ታይቼም ነበር። የግራ ዓይኔ መነጽር ይፈልጋል ተባልኩ! ማን ያስባል?)

ማታ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ጥበቃ ባለበት መንገድ ላይ ጭንቅላታችሁን ተከናንባችሁ አትሩጡ። ከሩቅ ድምፅ አሰሙ። ስማችሁን ተናገሩ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት በበሩ ሳልፍ አስር አለቃ ከመንገዱ ማዶ ጮኹ።

«አንተ ልጅ! የጃኬትህ ሁለተኛ ቁልፍ ተበጥሷል!»

ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። ሃያ አምስት ሜትር ያህል ይሆናል። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተንፈላሰው በእኔ ይስቃሉ፤ ቀጥለውም የጎረቤቱን ውሻ፣ የታክሲውን ታርጋ፣ የማዶውን ሱቅ ዋጋ ዝርዝር አነበቡልኝ።

በእሳቸው ቦታ ማታ ማታ የሚቆመው የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነው። ዓይኑ እንደ ንስር ነው። ክላሹን ሲረከብ ጫፏ ላይ የቀረችውን ቀይ ነጠብጣብ አይቶ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር፤ «የቆየ ነገር ነው» ብለውት አለፉ። እኔ ግን እስከ ዛሬ መታጠፊያው ላይ ስደርስ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረ፣ ጃኬቴን ከጭንቅላቴ አወርድና ድምፄን ከፍ አድርጌ እጮሃለሁ፤

«እኔ ነኝ! ጋዜጠኛው!»